ዋና አስተማሪዋ

የካቲት 12 ቀን
ሐሙስ ተጀምሮ ቅዳሜ ያለቀ

ውሃ ላይ ውሎ ውሃ ላይ ለሚያድረው ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ዕድሜውን ነው የሚናገረው፣ አልፈርድበትም። ቤቱ ደህና ነው። ጣሪያው በጓዳው በኩል ያፈስ ነበር፤ ሚስትህ ወጥታ ደፈነችው። እኔ መሰላሉን ይዤ ከታች «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ» ስል ዋልኩ። በዚህ ቤት የቀረኝ ሥልጣን እንግዲህ ይኸው ነው። አንተስ? ያን ሁሉ መርከበኛ የምታበላ ልጅ ራስህ በወጉ ትበላለህ? በላክኸው ፎቶ ላይ አንገትህ ቀጥኖ አየሁት።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ዙሪያ ጥምጥም እንደማልወድ ታውቃለህ፤ ዛሬ ግን ጥምጥሙ በተሻለኝ ነበር። ከአራት ወር በፊት «ሚስትህ ስማችንን በየደጁ እያስነሳችው ነው፣ ሰው ምን ይላል፣ አንድ በላት» ብዬ የጻፍኩልህን ደብዳቤ ካላቃጠልከው አቃጥለው። ካቃጠልከውም አመዱን ባህር ውስጥ በትነው። አንተ የአባትህን ቃል አክብረህ «ሥራውን ተዪው» ብለህ ጻፍክላት። እሷም ያንተን ቃል አክብራ፣ እስከዚህ ወር መጨረሻ ብቻ እንደምትሠራ ለመዋኛው ሥራ አስኪያጅ ነገረችው። እናንተ ተከባበራችሁ፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እስከ መጨረሻው ታግሠህ አንብበኝ።

ከሥሩ ልጀምር። አንተ ሠርጋችሁ ወር ሳይሞላው ነው የተሳፈርከው። ምን ዓይነት ሰው እንዳገባህ አንተም ገና አላየህም፤ እኔም ሁለት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖሬ አላየሁም ነበር። በከተማው መዋኛ ዋና ታስተምራለች፣ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። እሱም ያሳፍረኝ ነበር። አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ተቀምጬ፣ ምላጩን ማጅራቴ ላይ እንዳሳረፈ «ጋሼ፣ ምራትዎ ምንድን ነው የምትሠራው?» አለኝ።

«ዋና አስተማሪ ናት» አልኩት።

እጁን አቁሞ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። «ዋና አስተማሪ! በዚህ ዕድሜዋ? የትኛው ትምህርት ቤት?»

ልጄ፣ አላረምኩትም። «ትልቁ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ምራቴን የትምህርት ቤት ኃላፊ አድርጎ ሲሰግድላት ሁለት ወር ኖርን። ዳቦ ቤት ወረፋ ይለቁላት ነበር። እሷ ደግሞ የሰዉ ጨዋነት እየገረማት «እንዴት ያለ መልካም ሰፈር ነው!» ትለኛለች። እውነቱ የወጣው አንድ ቀን ፀጉሯ እየተንጠባጠበ፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በሱቁ ደጃፍ ስታልፍ ነው። ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ ዋና አስተማሪዋን ዝናብ መታት እንዴ?» አለኝ። ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል አልነበረም። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። ያን ደብዳቤ የጻፍኩልህ በዚያ ሳምንት ነው።

ሰው የሳቀባት ግን በፊሽካዋ ብቻ አይደለም፤ በካባውም ነው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ካቦ ሆኜ ድንጋይ ያስፈለጥኩበት ጉድጓድ ማለቴ ነው። ድርጅቱ ለቆ ሲሄድ ፓምፑ ቆመ፣ ውሃውም ከዓመት ዓመት እየወጣ ይኸው ዛሬ ሐይቅ መስሏል። ሴቶች ምንጣፍ ያጥቡበታል፣ ልጆች ድንጋይ ይወረውሩበታል። ሲያዩት ያባብላል። ከዳሩ ስትገባ የመጀመሪያው እርከን ጉልበት ድረስ ነው፤ ሰው ሁለተኛውም እንደዚያው ይመስለዋል። ሁለተኛ እርከን የለም። ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ሜትር ነው። እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት፣ አውቀዋለሁ።

ድንጋይ ጠራቢው ጓደኛዬ ልጁን እዚያ እንደቀበራት… እንደቀበራት ማለት እንኳ አይሆንም፣ እዚያ እንዳጣት አልረሳህም። ካባው በተዘጋ በመጀመሪያው ክረምት ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እዚያ ድረስ እሄዳለሁ። «ለምን ትሄዳለህ?» ብለህ ጠይቀኸኝ «ንፋስ ልቀበል» ብዬህ ነበር።

ሚስትህ ወደዚህ ሰፈር በመጣች በዓመቷ ስለ ካባው ትጠይቀኝ ጀመር። «አባባ፣ ጥልቀቱ ስንት ይሆናል?» ስትለኝ «እኔ ምን አውቄ!» አልኳት። እሺ ብላ ሄደች። ድንጋይ በሲባጎ አስራ፣ በየእሑዱ ከዳር እስከ ዳር እየዞረች፣ እየለካች ደብተር ላይ ጻፈች። በሦስተኛው እሑድ «አባባ፣ አሥራ ስድስት ሜትር ነው!» እያለች ዓይኗ ፈጦ ገባች። «አይ እንግዲህ» ብዬ ሬዲዮኔን ከፈትኩ።

ቀጥሎ ጀሪካን መሰብሰብ ያዘች። ከየሱቁ ባዶ የዘይት ጀሪካን እየለመነች፣ አጥባ፣ ከሥሩ ትንሽ ውሃ ትተውለታለች። ባዶውን ከሆነ ንፋስ ይወስደዋል፤ ሲሞላ ደግሞ አይነሳም። ክዳኑን ጥርቅም አድርጋ፣ እጀታው ላይ ሃያ ሜትር ገመድ አስራ፣ ካባው ዳር በተከለቻቸው ስምንት እንጨቶች ላይ ሰቀለቻቸው። ከሥራቸው በቀይ ቀለም «አትግባ! ወርውር!» ብላ ጻፈች። በሳምንቱ አምስቱ ተሰረቁ። መልሳ ሰቀለች። ደግመው ወሰዱባት። ሦስተኛውን ጊዜ ጀሪካኖቹን ራሳቸውን ግማሽ ቀይ ቀባቻቸውና፣ የሰፈሩ ሁሉ ዓይን ስላወቃቸው ደፍሮ የሚነካቸው ጠፋ። ፀጉር አስተካካዩ «የጋሼ ምራት ጀሪካን ዘርታለች፣ ክረምት ሲገባ ጀሪካን ታጭዳለች» ይል ነበር። እኔም እቤቴ ገብቼ እሱን እየደገምኩ እሳደብ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ቤት ለቤትም ዞረች። እናቶችን እየቀሰቀሰች፣ በርሜላቸውን እያስከደነች፣ የልብስ ውሃ ያለበትን ሳፋ እያስደፋች። «ሕፃን በስንዝር ውሃ ይሰጥማል። የሚሰጥም ሰው ደግሞ እንደሚመስለን አይጮህም፤ ለመጮህ ትንፋሽ የለውማ። ድምፁ ከጠፋ ነው መሮጥ» ትላቸዋለች። አንዷ «እኔ እኮ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው ዞር ያልኩት» ስትላት «ውሃ ሁለት ደቂቃ አይጠይቅም፣ አንዱ ይበቃዋል» ብላ መለሰችላት። ሳትቆጣ ነው የምትናገረው። ሰው አፍሮ ሳይሆን አስቦበት ነው የሚሸኛት።

የመዋኛውን ሥራ አስኪያጅም ለመነችው። ቅዳሜ ጠዋት መዋኛው ከመከፈቱ በፊት አንድ ሰዓት ፈቀደላት። በመጀመሪያው ቅዳሜ አራት ሴቶች መጡ፣ ሁለቱ ከነልብሳቸው ዳር ተቀምጠው ተመለሱ። መዋኘትን አይደለም በመጀመሪያ የምታስተምረው፤ መንሳፈፍን ነው። መደንገጥን መተው፣ በጀርባ መንጋለል፣ አገጭን ቀና ማድረግ፣ ሆድን ወደ ሰማይ ማውጣት። «ውሃ ያንቺን ጉልበት አይፈልግም፤ ስትታገይው ነው የሚያሸንፍሽ» ትላቸዋለች። ካባው ውስጥ ግን ማንም እንዲዋኝ አትፈቅድም። ቀዝቃዛ ነው፣ ዳሩ ገደል ነው፣ የሚያወጣህ መያዣ የለውም።

እኔን እንኳ አልማረችኝም። ግቢ ውስጥ ወንበር አቁማ «አባባ፣ ይህ የሚሰጥም ሰው ነው፣ ይወርውሩለት! መጀመሪያ የገመዱን ጫፍ በእግርዎ ይርገጡ፣ አለዚያ ገመዱም አብሮ ይሄዳል» ትለኛለች። ደስ እንዲላት ብዬ አንድ ጊዜ ብወረውር የጎረቤትን የተሰጣ አንሶላ ይዤ ወረድኩ። ጎረቤቲቱ እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ዛሬ ሦስት ሳምንት ከሁለት ቀኑ ነው። ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት ገደማ። እንደ ልማዴ ወደ ካባው ስወጣ ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ቆልፎ ተከተለኝ። ሚስቱ ምንጣፍ ልታጥብ ወርዳ ነበርና ተሸክሞ ሊመልስላት ነው። መንገዱን ሙሉ ሲቀልድብኝ ሄድን። ዳሩ ላይ ስንደርስ ምንጣፍ የለም። ሴትዮዋም የለችም። ሳሙናው ድንጋዩ ላይ አለ፣ አንድ እግር ጫማ አለ።

ከዚያ አየኋት። ከዳር አሥር እርምጃ ራቅ ብላ ውሃው ውስጥ ናት። ቀጥ ብላ ቆማለች ብትል ይሻላል፣ መሰላል እንደምትወጣ እጆቿ ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ፣ አፏ ይወጣል ይገባል። ልጄ፣ ምንም ድምፅ አልነበረም። ከእኔ ጋር የነበረው ባሏ እንኳ አላያትም፤ እኔ ነኝ በጣቴ ያሳየሁት። ምንጣፉ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ከእርከኑ ተንሸራቶባት፣ «ንብረቴ» ብላ ስትይዘው ይዟት ገብቶ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ጫማውን መፍታት እንኳ አልጠበቀም። ሊዘል ሲል ቀበቶውን ከኋላ አፈፍ አደረግኩት።

«ልቀቀኝ! ሚስቴ ናት!»

«መዋኘት ትችላለህ?»

«አልችልም!»

«ታዲያ ሁለት ሬሳ ልታሳየኝ ነው? ቁም!»

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። በአንድ እጄ ቀበቶውን ይዤ፣ በሌላኛው እጄ ጀሪካኑን ከእንጨቱ ላይ እየነቀልኩ፣ ሚስትህ ለቅዳሜ ሴቶቿ የምትለውን፣ ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ስትለማመደው የሰማሁትን እኔ በዚህ በሸካራ ድምፄ ጮህኩት። «ተንጋለይ! አገጭሽን ቀና! ሆድሽን ወደ ሰማይ!»

ሴትዮዋ ሰማችኝ። መታገሉን ተወችና ተንጋለለች። እጇን ዘረጋች፣ ፊቷ ወጣ፣ እንደ ቅጠል ውሃው ላይ ተኛች። እኔ ወረወርኩ፣ ሳትኩ። ጎትቼ መልሼ ወረወርኩ፤ በዚህኛው ትከሻዋ አጠገብ አረፈ። አቅፋ ያዘችው። ጎተትናት። ዳር ስናደርሳት ሆዷን በድንጋይ ላይ አሳርፋ፣ ሳል ተነስቶባት ውሃ ተፋች፣ ከዚያ ባሏን ቀና ብላ አየችውና የመጀመሪያ ቃሏ ምን እንደነበር ታውቃለህ?

«ምንጣፉ ሄደ።»

«ምንጣፉ ገደል ይግባ!» አለ እያለቀሰ።

«ገብቷል» አለችው።

እኔ እዚያው ተቀምጬ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። እሱ ደግሞ ነጠላ ጫማዋን እያጠለቀላት «አንቺ ሴትዮ፣ መንሳፈፍ ማን አስተማረሽ?» አላት።

«ዋና አስተማሪዋ ናታ! ገበያ እሄዳለሁ እያልኩህ ስድስት ቅዳሜ ተማርኩ። ካወቅህ ትስቅብኛለህ ብዬ ነው የደበቅኩህ።»

ፀጉር አስተካካዩ ኮቱን አውልቆ አለበሳት።

ሚስትህ ከሥራ ሮጣ መጣች። ሴትዮዋን ጎንበስ ብላ ትንፋሿን አዳመጠች፣ «ደህና ነኝ ማለት አይበቃም፣ ሳንባዋ ውሃ ገብቶ ይሆናል፣ ሐኪም ይያት» ብላ ወዲያው ላከቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ መጣች። ምስጋና ስጠብቅ ገመዱን አንስታ አየችና «አባባ፣ ጫፉን የረገጠው ማነው?» አለችኝ። እውነትም እኔ ረስቼው ነበር፤ ሲሸሽ አይቶ የረገጠው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ነገርኳት። «እሱ ተምሯል ማለት ነው። እርስዎ ግን ነገ ወንበሩ ላይ አሥር ጊዜ ይወረውራሉ» ብላ፣ ገመዱን ጠቅልላ፣ ጀሪካኑን ቦታው ሰቀለችው። ከዚያ ጀርባዋን አዙራ በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች። ያላየሁ መሰልኩ።

ያን ቅዳሜ ሠላሳ አንድ ሰው መጣ። ፀጉር አስተካካዩ ከሱቁ በር ላይ ከነገመዱ አንድ ጀሪካን ሰቅሎ፣ ፀጉሩን ሊቆረጥ የሚመጣውን ሁሉ አንገቱን በፎጣ ካነቀው በኋላ «አትግባ፣ ወርውር፣ ጫፉን ርገጥ» እያለ ያስተምራል። ማምለጫ የለውማ ደንበኛው።

እኔም በዚያ ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ሚስትህን ጠረጴዛው ዘንድ አገኘኋት። ያንተ ደብዳቤ ከፊቷ ተዘርግቷል፣ ፊሽካዋን መሳቢያ ውስጥ ስታስቀምጥ ነበር። «ከመተዌ በፊት ለአጥሩ አንድ ጊዜ ልሞክር። ማዘጋጃ ቤት ይሸኙኛል?» አለችኝ። ካባው እንዲታጠር ሦስት ጊዜ አመልክታ ሦስቱንም ጊዜ እንደመለሷት ያኔ ነው የሰማሁት። «ለምን መለሱሽ?» አልኳት። «እንግዲህ እንጃ፣ የቢሮ ነገር» ብላ ፊቷን አዞረች።

አሁን የምነግርህን ለእናትህም ሳልነግራት ነው የሞተችው። ድርጅቱ ካባውን ዘግቶ ሲሄድ፣ ዳሩ ታጥሯል የሚል ወረቀት ላይ የሠራተኛ ተወካይ ሆኜ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አልታጠረም ነበር። «ሽቦው በሳምንቱ ይመጣል» አሉኝ፣ እኔም አመንኩ፤ ወይ ማመኑ ቀለለኝ። ሽቦው አልመጣም። ክረምቱ መጣ። ከዚያ የጓደኛዬ ልጅ።

በሩ ላይ ይጠብቁኝ ብትለኝም ተከትያት ገባሁ። ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ክፍል ያለው ሰውዬ ሚስትህን ሲያይ ገና ከበሩ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬም? መዝገቡ ታጥሯል ይላል አልኩሽ እኮ! የታጠረን ቦታ ደግመን አናጥርም» አላት። ፋይሉን ከፍቶ በጣቱ መታ መታ አደረገው። ሚስትህ ፈጠን ብላ መዳፏን ወረቀቱ ላይ ዘረጋች፣ እኔ እንዳላይ። ግን የራሱን ፊርማ የማያውቅ ማን አለ? ከጣቶቿ መካከል ጅራቱ ወጥቶ ይታይ ነበር።

አየህ ልጄ፣ ለሦስት ማመልከቻ ይህን ወረቀት እያሳዩ መልሰዋታል። ከስምንት ወር ጀምሮ የማን ስም እንደሆነ ታውቃለች። ምግቤን አቅርባልኛለች፣ ልብሴን አጥባልኛለች፣ እኔ በር ላይ ቆሜ በፀጉሯ ስቆጣ «እሺ አባባ» ብላኛለች። ለአንተ እንኳ አንድ ቃል አልጻፈችም፤ ጽፋልህ ቢሆን ኖሮ ታውቀው ነበር።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር፣ ተቀመጥኩ። «ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም? አንድ ቀን እንኳ ፊቴ ላይ አልጣልሽውም!»

አጠገቤ ተቀመጠች። «አባባ፣ እኔ አጥር ነው የፈለግኩት። ሰውማ እቤቴ አለኝ» አለችኝ።

እኔም ሁሉንም ልጨርስ ብዬ፣ ባልሽ ሥራ ተዪ ያለሽ በእኔ ነገር ነው አልኳት። ፈገግ አለች። «እሱንም አውቃለሁ። ‘ሰው ምን ይላል’ የሚለው የእርስዎ ቃል ነው። የእሱ ቢሆን ‘ምን ትበያለሽ’ ነበር የሚለው።» እውነቷን ነው፤ አንተ ከሕፃንነትህ ጀምሮ እንደዚያ ነህ።

ተመልሼ ገባሁ። ወረቀት ስጡኝ አልኩ። «ከስድስት ዓመት በፊት የካባው ዳር ታጥሯል ብዬ የፈረምኩት ሐሰት ነው፤ ያኔም ዛሬም አልታጠረም» ብዬ ጽፌ፣ ስሜን ከነአያቴ አስገብቼ ፈረምኩ። ሰውየው አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሊያስጠይቅዎ ይችላል።»

«ይጠይቀኝ። ዘግይቶ ነው እንጂ» አልኩት።

ከዚያ አንድ የቀረኝ ቤት ነበር። ድንጋይ ጠራቢው ዘንድ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ የበር ደረጃ ድንጋይ እየጠረበ ነበር። ቆሜ ነገርኩት። መዶሻውን አላቆመም፤ እኔ ስናገር ይጠርባል፣ እኔ ስጨርስም ይጠርባል። ቀና ሳይል «ጨረስክ?» አለኝ። «ጨረስኩ» አልኩ። «ሂድ እንግዲህ» አለኝ። ሄድኩ።

በሳምንቱ ማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ላከ፤ በሦስተኛው ቀን ሽቦና የብረት ምሰሶ የጫነ መኪና መጣ። ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ። ሚስትህ በደብተሯ ውስጥ የለካችውን እያየች ምሰሶው የት የት እንደሚቆም ለመሐንዲሱ ታሳየዋለች፤ እሱም «የኔ እመቤት፣ ይህን ሁሉ ማን ለካልሽ?» ይላታል። እኔ ጉድጓድ ስቆፍር ቀና ስል፣ በወዲያኛው ጫፍ ድንጋይ ጠራቢው ዶማውን ይዞ መጥቷል። ሰላም አላለኝም። ቀኑን ሙሉ ወደ እኔ በኩል አላየም። ሲመሽ ግን በእሱ በኩል የተተከሉት ምሰሶዎች ሥራቸው በጥርብ ድንጋይ ተደግፎ ነበር፤ እንደዚያ አድርግ ያለው ማንም የለም። ሚስትህ ሄዳ ከጎኑ ቆመች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሲለያዩ እጇን በሁለት እጁ ይዞት ነበር።

አጥሩ ሰኞ አለቀ። በር አለው፣ ቁልፉ መዋኛው ዘንድ ነው። ጀሪካኖቹም አሉ፤ «አጥር ይዘለላል፣ ጀሪካን ግን ይደርሳል» ብላ እንዲነሱ አልፈቀደችም።

እንግዲህ ልጄ፣ የምለምንህ ይህን ነው። ወሩ ሊያልቅ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ሥራ አስኪያጁ እስካሁን በቦታዋ ሰው አልቀጠረም፤ እኔ ሄጄ «ትንሽ ታገሠኝ» ብዬዋለሁ። እሷ ግን ቃሏ ቃል ነው፣ አንተ ካላነሳህላት አትመለስም። እኔ ሽማግሌ ልሁንሽ ብላት «የባሌን ነገር ከባሌ ልስማው» አለችኝ። ደግ አደረገች። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ፣ ወጥህም ይረር፣ ድስትህም ይገንፍል፣ ጻፍላት። ከቻልክ ስልክ ደውልላት። ምን እንደምትል እኔ አልነግርህም፤ ከእንግዲህ የኔን ቃል እየተዋስክ አታናግራት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ፣ አትቆጣ። በልጅነትህ ወንዝ ዳር ባየሁህ ቁጥር በቀበቶ ገርፌሃለሁ። ውሃን እንድትፈራ እንጂ እንድታውቀው አላደረግሁም። ዛሬ ዙሪያህን ባህር ነው። መርከቡ ላይ መዋኘት እንደማትችል ደብቀሃቸዋል? ጃኬቱንስ ትለብሳለህ ወይስ እንደ ፀጉር አስተካካዩ ይስቁብኛል ትላለህ? ሚስትህ መቶ ምናምን ሰው አስተምራለች፤ ሌሊት ስለማን እንደምትጨነቅ ግን አትነግረኝም። ንፋሱ ሲነሳ ተነስታ መስኮቱን ስትከፍት እሰማታለሁ። ስትመጣ ታስተምርሃለች። በጀማሪነትህ አትፈር፤ ከጀማሪዎቹ መስመር ውስጥ ከአንተ የባሰ የሚያፍር ሰው አለ።

የረገጥከው ወለል ይጽናልህ። ማዕበሉ ለመርከብህ ይተኛላት። ከወደብ ወደብ የሚያደርስህ አምላክ ከደጃፋችንም ያድርስህ፤ እኛንም በሕይወት አቆይቶ በሩን የምንከፍትልህ ያድርገን። አንተም እሷም ልጆቼ ናችሁ፣ ሁለታችሁንም ይባርክልኝ።

ናፋቂህ፣
አባትህ

ማስታወሻ፦ እዚህ ታች ቀለሙ የፈሰሰው እንባ መስሎህ እንዳትደነግጥ። ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ፀጉሬ ሳይደርቅ ነው ወረቀቱ ላይ ያጎነበስኩት።